ሰርዝን ሰርዝ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ኮምፒውተር ላይ ስንሠራ ድንገት ብቅ ብላ "እርግጠኛ ነዎት?" ስለምትለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ ላለ አንድ ጅምላ አከፋፋይ የትዕዛዝ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁ። በዊንዶውስ ፎርምስ፣ ማለትም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ፕሮግራም መሥሪያ ባዘጋጀው መሣሪያ። አንድ ቀን ባለቤቱ ደወለና "ሥራው ጥሩ ነው፤ ግን ምነው ገና ሲወለድ አረጀ?" አለኝ። ተናደድኩ። ከፍቼ ሳየው ግን እውነቱን ነው። ግራጫ ሳጥን፣ የተጨናነቀ ጽሑፍ፣ እንደ ጡብ የቆሙ ቁልፎች። ዊንዶውስ 98 ራሱ!

ቁልፎቹ ቀላል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ኤክስፒ ጀምሮ ዊንዶውስ አዲሱን የቁልፍ መልክ የሚሰጠው ፕሮግራሙ ከጠየቀው ብቻ ነው። ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ጥያቄው አንድ መስመር ኮድ ናት። እኔ ዘንድ አልነበረችም፤ የት እንደጣልኳት እንጃ።

ፎንቱ ትንሽ አለፋኝ። ዊንዶውስ ፎርምስ የቆመበት መሠረት፣ የድሮው ዶትኔት፣ ሳይነግሩት የሚይዘው ማይክሮሶፍት ሳንስ ሴሪፍን በ8.25 መጠን ነው። ዊንዶውስ ግን ከኤክስፒ ቀጥሎ ከመጣው ከቪስታ ጀምሮ ሴጎ ዩአይ ወደሚባል ፎንት፣ በ9 መጠን፣ ተሻግሯል። እሱም ቢሆን የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ዊንዶውስ ከሌላ ፎንት፣ ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ፣ ይበደርለታል። በዚያ መጠን "ሹ" እና "ሺ"ን ለመለየት መነጽር ያስፈልጋል። 11 አደረግኩት፤ ሳጥኑም ሰፋ። ሲተነፍስ ታየኝ።

ኮራ ብዬ ወሰድኩላቸው። ፕሮግራሙን ቀን ከሌት የሚጠቀሙበት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አዩትና "አምሯል፤ ግን ልጄ፣ አሁንም አይሰርዝልኝም" አሉኝ።

እንዴት? አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ሳጥኑ "ትዕዛዙን መሰረዝ ይፈልጋሉ?" ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፦ "እሺ" እና "ሰርዝ"። ይቺ "ሰርዝ" እኔ ካንስልን፣ ማለትም ተወው የሚለውን የእንግሊዝኛ ቁልፍ፣ የተረጎምኩባት ናት። እሳቸው መሰረዝ ፈልገዋል፤ ስለዚህ "ሰርዝ"ን ይጫናሉ። ፕሮግራሜ ደግሞ መሰረዙን ይሰርዛል! ቀረ ያሉት ዕቃ ተጭኖ ሲሄድ ከርሟል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ደግሞ እኔን እንደ ጎረምሳ 'ሰርዝ' ይለኛል" ብለው ጨመሩበት። እሱም እውነት ነው። ከላይ "ይፈልጋሉ" ብሎ በአክብሮት የጀመረ ሳጥን፣ ከታች ወንድ አድርጎ ያዛቸዋል።

ቤቴ ገብቼ ያንን ሳጥን ጣልኩት። ዊንዶውስ አዘጋጅቶ የሚሰጠው የድሮው ሳጥን፣ ሜሴጅ ቦክስ፣ ቁልፎቹ ቀድሞ የተወሰኑ ናቸው፤ የራስህን ቃል አይቀበልም። መጀመሪያውኑ የራሴን ሳጥን የሠራሁት ለዚህ ነበር። ቪስታ ላይ የመጣው ታስክ ዳያሎግ የሚባለው ሳጥን ግን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ዶትኔት 5 ጀምሮ ደግሞ ዊንዶውስ ፎርምስ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ፕሮግራሙን ወደዚያ ለማሻገር ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ የከፈለኝ የለም፣ አልጠየቅኩምም።

አሁን ከላይ በትልቁ "ይህ ትዕዛዝ ይሰረዝ?" ይላል። ከሥሩ በትንሹ "12 ካርቶን ሳሙና ወደ መጋዘን ይመለሳል"። ቁልፎቹ "ትዕዛዙ ይሰረዝ" እና "ትዕዛዙ ይቆይ" ናቸው። "ይሰረዝ" ሲባል ወንድ የለ፣ ሴት የለ፣ አንተ የለ፣ አንቱ የለ። በስህተት ኢንተር ቢመታም የሚመረጠው "ይቆይ" ነው። መጀመሪያ "ይቅር" ልለው ነበር። ምኑ ነው የሚቀረው፣ ትዕዛዙ ወይስ መሰረዙ? ተውኩት።

እትዬ ሞከሩት። ሳቁ። ቀጥለው ሌላ ሳጥን አሳዩኝ፤ መስመር ሲቋረጥ የሚመጣውን። "ስህተት ተፈጥሯል" ይላል፤ ከሥሩ ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ "እሺ"።

"ምኑን ነው እሺ የምለው?" አሉኝ።

ያቺን ገና አልነካኋትም።