ከአጥሩ ወዲህ ማዶ፦ የሂያኩሪ ፋንተሞችና መሰላል የተሸከሙ ሰዎች

ሳምራዊት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ብሩክ ዛሬ ስቱዲዮ የገባው ትልቅ ፎቶግራፍ በብብቱ ይዞ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶልኛል። ግራጫ ጄት ነው፤ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይጎትታል፤ ጭራው ላይ እንቁራሪት ተስላለች። ያውም ሻርፕ የጠመጠመች እንቁራሪት። ይህ የጦር አውሮፕላን ነው ወይስ የልጆች ተረት?

ብሩክ፦ የጦር አውሮፕላን ነው፤ ኤፍ 4 ፋንተም። ጃፓን ውስጥ፣ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው የኢባራኪ ግዛት፣ ሂያኩሪ ከሚባለው አየር ምድብ አጥር ሥር ቆሜ በ2020 ክረምት ያነሳሁት ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ስልም የእነርሱን ብርድ እንጂ የእኛን ዝናብ አይደለም።

ሳምራዊት፦ እንቁራሪቷስ?

ብሩክ፦ የ301ኛው ስኳድሮን አርማ ናት። ስኳድሮኑ በ1973 የተቋቋመው እዚያው ሂያኩሪ ነው። በአካባቢው የጹኩባ ተራራ አለ፤ ከጥንት ጀምሮ የጉርጥ ቅባት ለቁስል ፍቱን ነው እየተባለ የሚሸጥበት አገር ነው። አርማው ከዚያ መጣ። ደግሞ በጃፓንኛ "ካኤሩ" ማለት እንቁራሪትም ነው፣ መመለስም ነው።

ሳምራዊት፦ ሰምና ወርቅ ነዋ!

ብሩክ፦ እኔም ሲነግሩኝ ያልኩት እንደዚያው ነው። ሰሙ እንቁራሪት፣ ወርቁ "በሰላም ተመለስ"። አሁን ደግሞ ከእንቁራሪቷ ዝቅ ብለሽ ቁጥሩን አንብቢ።

ሳምራዊት፦ 17፣ ከዚያ ሰረዝ፣ 8440።

ብሩክ፦ የመጀመሪያዋ 1 የተረከቡበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ናት፤ 1981 ማለት ነው። 7 ቁጥር የአውሮፕላኑ ዓይነት መለያ፣ 8 ቁጥር ተዋጊ መሆኑ፣ 440 ተራ ቁጥሩ። በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ ፋንተሞች ተሠርተዋል። ከፋብሪካ የወጣው የመጨረሻው ይህ ነው። የሠራው ሚትሱቢሺ ነው፤ ከአሜሪካኖቹ ፈቃድ ወስዶ ነበር የሚሠራው። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ አውሮፕላን ነው። ያን ጊዜ ሂያኩሪ ዙሪያውን በፎቶ አንሺ ይከበብ የነበረውም ለዚህ ነው፤ ጡረታቸው ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ 301ኛው ፋንተሙን ትቶ በሰሜን ጃፓን ወዳለው ሚሳዋ ምድብ ተዛወረ፣ ኤፍ 35 የሚባለውን አዲስ ተዋጊ ጄት ተረከበ። ጊፉ በሚገኘው የሙከራ ምድብ የቀሩትም በመጋቢት 2021 ለመጨረሻ ጊዜ በረሩ።

ሳምራዊት፦ አንተ እዚያ ምን ወሰደህ? ለትምህርት የሄድክ መስሎኝ ነበር።

ብሩክ፦ ለትምህርት ነበር። ችግሩ ተዋጊ ጄቶች ቅዳሜና እሁድ በአብዛኛው አይበሩም፤ ልምምዳቸው በሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ከክፍል መቅረት ግድ ነበር። ቤተሰቦቼ ይህን እንዳይሰሙ።

ሳምራዊት፦ እኔ አላሰማም። የመጀመሪያውን ቀን ንገረኝ።

ብሩክ፦ ውርደት ነበር። ገና ሳይነጋ ደረስኩ። ካርታ አይቻለሁ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ አስልቻለሁ፤ ከማኮብኮቢያው በስተደቡብ ጫፍ ካሜራዬን ተክዬ ጠበቅሁ። ማንም የለም፤ ቦታው ለእኔ ብቻ ተለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፋንተሞች መጡ፣ ዞሩ፣ ጀርባቸውን ሰጡኝና ወደ ሰሜን ተፈተለኩ። ለእኔ የተረፈኝ ድምፁና ጭሱ ነው። የእነዚያ ሞተሮች ጭስ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት ማድቤት ይመስላል።

ሳምራዊት፦ ምን ነበር ያጠፋኸው?

ብሩክ፦ ፀሐይን ጠየቅሁ እንጂ ነፋስን አልጠየቅሁም። አውሮፕላን የሚነሳው ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። የሂያኩሪ ማኮብኮቢያዎች 03 እና 21 ይባላሉ፤ በኮምፓስ 30 እና 210 ዲግሪ ማለት ነው። የዚያን ቀን ነፋሱ ከሰሜን ነበር። ስለዚህ ሩጫቸውን የሚጀምሩት እኔ ካለሁበት ነው፣ ክንፋቸውን አጋድለው ሆዳቸውን የሚያሳዩት ግን በወዲያኛው ጫፍ ነው። ሰዉ ሁሉ ወዲያ ማዶ ተሰልፏል። ብቻዬን የነበርኩት ለካ ቦታው ባዶ የሆነው በምክንያት ስለሆነ ነው።

ሳምራዊት፦ ከዚያስ?

ብሩክ፦ ብስክሌቴን እየገፋሁ ዞርኩ። ስደርስ ሁሉም መሰላል ላይ ናቸው። እንደ ቀለም ቀቢ፣ ሦስትና አራት እርከን ያለው የአሉሚኒየም መሰላል። አጥሩ በሽቦ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ እሾሃማ ሽቦ አለ። ከታች ሆነሽ ብታነሺ ሽቦው ምስሉ ላይ ይጋረዳል፤ መሰላሉ ከሽቦው በላይ ያወጣሻል። እኔ መሰላል አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ገዛሁ፤ ይዤው ስሄድ የሩዝ ማሳ ዳር ነውና አንዱ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፣ ካሜራዬን አቅፌ ወደቅሁ። አንድ ሽማግሌ ከመሰላላቸው ወረዱ፤ ሳይስቁ፣ ከቦርሳቸው መዳፍ የሚያህሉ አራት ጣውላዎች አውጥተው ከመሰላሌ እግሮች ሥር አንድ በአንድ አስገቡልኝ። ትርፍ ይዘው ነው የሚመጡት። ለእንደ እኔ ዓይነቱ።

ሳምራዊት፦ ይባረኩ።

ብሩክ፦ ገና አልጨረስኩም። ትንሽ ቆይቶ ጃኬቴን ሳብ አደረጉኝ። ዞር ስል አንድ ገበሬ ትንሽ ነጭ መኪናውን አቁሞ ተቀምጧል። ብስክሌቴን ያጋደምኩት የማሳው መንገድ ላይ ነበር። ጥሩንባ አልነፋም፣ ቃል አልተናገረም፤ እስክናየው ይጠብቃል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ እዚያ ትልቁ ፍርሃት ጥበቃው አይደለም፤ ገበሬዎቹን ማስቀየም ነው። መንገዱ የእነርሱ ነው፤ አንድ ሰው ቢያበላሽ ሁሉም ቦታውን ያጣል።

ሳምራዊት፦ ቆይ ግን፣ ጥበቃውስ ዝም ብሎ ያያል? እኛ አገር እኮ ካምፕ አጠገብ ካሜራ ማውጣት…

ብሩክ፦ እኔ ቢሾፍቱ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? "ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው" የሚለውን ሰሌዳ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው ያወቅሁት። እናቴ አውሮፕላን በጣት መጠቆምም አትወድም ነበር። ሂያኩሪ መጀመሪያ ሰሞን ካሜራዬን ባነሳሁ ቁጥር አንገቴ ላይ እጅ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በእርግጥም ፖሊስ መጣ። የመኖሪያ ካርዴን ጠየቀኝ፤ የውጭ ዜጋ ሁልጊዜ መያዝ አለበት። ካርዱን መለሰልኝና የሌንሱን ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሳምራዊት፦ እንግዲህ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ ማንሳት አይከለከልም።

ብሩክ፦ አይከለከልም። ድሮን ማስነሳት ግን በ2019 በተሻሻለው ሕግ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። የሚያስቀው ምን መሰለሽ፣ ሂያኩሪ ከ2010 ጀምሮ የሲቪል ኤርፖርትም ነው፤ ኢባራኪ ኤርፖርት ይባላል። የኤርፖርቱ መመልከቻ ሰገነት መስታወት ፊት ለፊት ስታዪ ጥርት ያለ ነው፣ ዓይንሽን ወደ ወታደራዊው ወገን ስታዞሪ ግን ጉም ይለብሳል። ታስቦበት የተሠራ ነው። ከውጭ፣ አጥሩ ጋ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የአብራሪውን የራስ ቁር ቀለም አያለሁ።

ሳምራዊት፦ ቢሮክራሲ የትም አንድ ነው።

ብሩክ፦ አሁን ወደ ምወደው ታሪክ ልምጣ። በምድቡ ውስጥ ጄቶቹ ከማቆሚያቸው ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄዱበት መንገድ መሃሉ ላይ ጎብጧል። ቀጥ ያለ መሆን ሲገባው ታጥፎ ይዞራል። ምክንያቱም እዚያ ጋ መሬታችንን አንሸጥም ያሉ ሰዎች ቁራሽ መሬት አለ። ግንባታው ከተጀመረበት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የዘለቀ ሙግት ነው፤ አንዱ ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 በመንግሥት አሸናፊነት አልቋል። ያቺ ቁራሽ ግን እንዳለች አለች። ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎባታል፦ "ራስን የመከላከል ኃይሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል" ይላል። የጃፓን ጦር የሚጠራበት ስም ነው፣ ራስን የመከላከል ኃይል። የ1947ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ጦርነትን ይክዳል፣ ጦር አይኖረንም ይላል፤ ክርክሩ ከዚያ ነው።

ሳምራዊት፦ ርስት ነዋ! አገሩ ሁሉ አንድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በቢሊዮን የተገዛ ጄት በየቀኑ ያቺን የገበሬ መሬት ዞሮ ያልፋል።

ብሩክ፦ በየቀኑ። ለፎቶ አንሺ ደግሞ ጄት ሲታጠፍ መልኩ ያምራል።

ሳምራዊት፦ እሺ፣ አሁን ልጋፋህ። አንተ የምትደሰትበት ድምፅ ሌላው ሕፃን ልጁን የሚያስተኛበት ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ይህ አያስጨንቅህም?

ብሩክ፦ ያስጨንቀኛል። አንድ ጊዜ አጹጊ ሄጄ ነበር፤ ካናጋዋ ውስጥ ያለ፣ ዙሪያው ከተማ የሆነ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና የጃፓኖቹ ምድብ ነው። ነዋሪዎቹ በድምፁ ምክንያት በ1976 ነው መክሰስ የጀመሩት። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ከአጹጊ የተነሳ የአሜሪካ ፋንተም ዮኮሃማ ላይ ወድቆ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች ሞቱ። እናታቸው ተቃጥላ ከአራት ዓመት በላይ ታመመች፣ እርሷም ሞተች። ይህ በእኔ ፎቶ ላይ ያለው ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ የፎቶ መሣሪያ የጫነው ዝርያው።

ሳምራዊት፦ እግዚኦ።

ብሩክ፦ በ2018 በመርከብ ላይ የሚመደቡት ጄቶች ከአጹጊ በምዕራብ ጃፓን ወዳለው ኢዋኩኒ ምድብ ተዛውረው አለቁ። አጹጊ አረፈ፣ ኢዋኩኒ ድምፁን ወረሰ። ፎቶ አንሺዎቹም መሰላላቸውን ይዘው ተከትለው ሄዱ። አለማንሳት አልቻልኩም፤ ግን ያንን ቀን አጹጊ ያነሳኋቸውን ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ምክንያቱን በደንብ ማስረዳት አልችልም።

ሳምራዊት፦ ይሁን፣ አላስጨንቅህም። ኦኪናዋም ሄደሃል አይደል?

ብሩክ፦ ካዴና፤ እዚያ ያለው የአሜሪካ አየር ኃይል ምድብ። እያንዳንዳቸው ወደ 3,700 ሜትር የሚጠጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች፤ ከመንገዱ ማዶ ምግብና የአገር ምርት የሚሸጥበት ማረፊያ አለ፣ ሰገነቱ ላይ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። አጠገቡ ያለችውን ጉብታ "የጸጥታ ውሉ የሚታይባት ኮረብታ" ይሏታል፤ ከአሜሪካ ጋር ያለው ውል ማለት ነው። ሰገነቱ ላይ በቀኜ ሌንስ የደገነ፣ በግራዬ ስለ ጦርነቱ ሊማሩ የመጡ ተማሪዎች። ሁላችንም አንድ ሜዳ እናያለን።

ሳምራዊት፦ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለኝ ብለህ ነበር።

ብሩክ፦ አለኝ። ጥቅምት 10 ቀን 1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲከፈት ብሉ ኢምፐልስ የሚባለው የጃፓን አየር ኃይል የትርኢት ቡድን አምስት ኤፍ 86 ሴበር ጄቶች ከስታዲየሙ በላይ አምስቱን ቀለበቶች በባለ ቀለም ጭስ ሰማይ ላይ ሳሉ። በዚያው ወር 21 ቀን አበበ ቢቂላ በማራቶን ወደዚያው ስታዲየም ብቻውን ሮጦ ገባ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ሴበር ደግሞ ያን ጊዜ ቢሾፍቱ ነበረ፤ የእኛ አየር ኃይል ከ1960 ጀምሮ ያበረው ነበር። አጎቴ ድምፁን በአፉ አስመስሎ ያሰማን ነበር። እኔን ያበላሸኝ እርሱ ነው።

ሳምራዊት፦ ለጀማሪ ምን ትላለህ? ባጭሩ፣ ሌንስ ሌንስ እንዳትለኝ።

ብሩክ፦ ሌንስ አልልም። ለጄት ሹተሩን፣ ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ ማለቴ ነው፣ አንድ ሺሕኛ ሰከንድ አድርጊ። ለሄሊኮፕተር ግን ወደ መቶ ሃያ አምስተኛ አውርጂው፤ አለበለዚያ ክንፉ ቆሞ ሞተሩ የጠፋ ይመስላል። ከረፋዱ በኋላ ኮንክሪቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፣ ምንም ሌንስ አያድንሽም። በጠዋት ሂጂ። ነፋስን ጠይቂ።

ሳምራዊት፦ ይህን ፎቶ ስታነሳ መቼ እንደሚመጣ በምን አወቅህ?

ብሩክ፦ በሽማግሌው። ብዙዎቹ የአብራሪዎቹን ንግግር የሚሰሙበት ትንሽ ሬዲዮ አላቸው። በጃፓን ሕግ መስማት ይቻላል፤ የሰሙትን ለሌላ ሰው መናገር ግን ክልክል ነው። ሽማግሌው በአንድ ጆሯቸው ማዳመጫ ሰክተው ሻይ ይጠጡ ነበር። ድንገት ኩባያውን ከደኑ፣ ምንም ሳይሉ የሌንሳቸውን ክዳን አወጡ። በአጥሩ ርዝመት ያለነው ሁሉ፣ ምናልባት ሠላሳ ሰው፣ ተራ በተራ ክዳናችንን አወጣን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ 440 መጣ።

ሳምራዊት፦ ታዲያ ሬዲዮው ላይ ምን ነበር የሰሙት?

ብሩክ፦ ጠይቄያቸው ነበር። ሻያቸውን ከፍተው አንድ ጊዜ ፉት አሉና "ዛሬ ነፋሱ ጥሩ ነው" አሉኝ።