አግኒየሽካ ትሩስኮላስካ፦ መድረኩን ያልዘጋችው ሴት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ለብቻዬ ሆኜ ስለ አንዲት ሴት ላወራችሁ ነው። አግኒየሽካ ትሩስኮላስካ ትባላለች፤ በ1755 የተወለደች ፖላንዳዊት ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። ተዋናይት ነበረች፣ ዘፋኝም ነበረች፣ ኋላ ደግሞ ትያትር ቤት መርታለች።

ዋርሶ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ በፖላንድኛ የሚጫወት ትያትር የተጀመረው በ1765 ነው፤ በንጉሥ ስታኒስዋቭ አውጉስት ዘመን። እሷ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። በ1770ዎቹ መድረክ ላይ ስትወጣ እንግዲህ ሙያው ገና ጨቅላ ነበር። አይታ የምትማርባቸው አንጋፋ ፖላንዳውያት ተዋንያት የሉም ማለት ይቻላል። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚገርመኝ። ድምፅሽን እስከ መጨረሻው ወንበር እንዴት ታደርሺዋለሽ? መድረክ ላይ እንዴት ነው የሚለቀሰው? ብዙውን ራሷ እየሠራች ነው ያወቀችው። በ1778 የመጀመሪያው የፖላንድኛ ኦፔራ ዋርሶ ውስጥ ታየ። በዚያ ዘመን ተዋናይና ዘፋኝ የሚባል ክፍፍል ብዙም አልነበረም፤ ዛሬ የሚተውን ሰው ነገ ይዘፍናል።

ባለቤቷ ቶማሽም የትያትር ሰው ነበር። በ1780 ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ልቮቭ ሄዱ፤ የዛሬዋ የዩክሬን ከተማ ልቪቭ ማለት ነው። ከተማዋ ከ1772 ጀምሮ በኦስትሪያ እጅ ነበረች። እዚያ በፖላንድኛ ትያትር መሥራት፣ ያውም ቤተሰብ ይዞ፣ እንዲሁ በቀላሉ የሚገባበት ሥራ አይደለም።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የፖላንድ ትያትር አባት የሚባለው ቮይቼህ ቦጉስዋፍስኪ ነው። ይገባዋል፤ ትልቅ ሰው ነው። በ1794 መጋቢት ላይ ዋርሶ ውስጥ ያሳየው ኦፔራ ሕዝቡን እንዴት እንዳነሳሳ እስከ ዛሬ ይወራል። በዚያው ወር ኮሽቹሽኮ የመራው፣ በሩሲያ ላይ ያነጣጠረው አመፅ ተነሳ፣ ኋላ አመፁ ተሸነፈ፣ ቦጉስዋፍስኪም ወደ ልቮቭ ሄደ። በ1795 ጎረቤቶቿ ተከፋፍለዋት ፖላንድ የምትባል አገር ከካርታ ጠፋች። ዋርሶ ፕሩሲያ ለሚባለው የጀርመኖች መንግሥት ደረሰች። ንጉሡ ዙፋኑን ለቀቀ፤ ትያትሩን ሲደግፍ የኖረው እጅም አብሮ ሄደ።

ታዲያ ያኔ ዋርሶ ውስጥ በፖላንድኛ ትያትር ያሳይ የነበረው ማን ነው? ከልቮቭ የተመለሰው የትሩስኮላስኪ ቡድን፤ የአግኒየሽካና የባሏ ቡድን ማለት ነው። ቶማሽ በ1797 ሲሞት ደግሞ ኃላፊነቱ እሷ ትከሻ ላይ ወደቀ። ባሏን የቀበረች ሴት፣ አገሯ በሌላ መንግሥት እየተገዛች፣ የተዋንያን ደመወዝ፣ ልምምድ፣ የቲኬት ገቢ፣ ሁሉም ወደሷ ነው የሚመጣው። ቦጉስዋፍስኪ እስከተመለሰበት እስከ 1799 ድረስ ይህን ይዛ ቆየች።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲነገር ከ1794 ዘሎ 1799 ላይ ያርፋል። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። ቦጉስዋፍስኪ ሲመለስ ዋርሶ ውስጥ የፖላንድኛ ትያትር የለመደ ተመልካች፣ ሥራውን ያልረሳ ተዋናይ ያገኘው ማን ስለሠራ ነው? በእኔ እምነት እነዚያ ዓመታት ከድምቀቱ ዓመታት እኩል መነገር አለባቸው።

አግኒየሽካ በ1831 አረፈች። ልጇ ዩዜፋ ሌዱሆፍስካም የእናቷን ሙያ ይዛ በአሳዛኝ ተውኔቶች ዋርሶ ውስጥ ስመ ጥር ሆነች። እሷን በሚቀጥለው ክፍል እመለስባታለሁ፤ ለብቻዋ ጊዜ ይገባታልና።