አንድ ፑል ለሁሉም መተግበሪያ

ክቡራትና ክቡራን፣

አንድ የጃቫ ፕሮግራም ቶምካት የተባለውን የድር ሰርቨር በውስጡ ይዞ አራት የድር መተግበሪያዎችን ያስነሳል እንበል። እያንዳንዱ 20 ኮኔክሽን ያለው የራሱን ፑል፣ ማለትም ተከፍቶ የሚጠብቅ የዳታቤዝ ኮኔክሽን ክምችት፣ ቢከፍት ድምሩ 80 ይሆናል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ መነሻ ቅንብሩ ካልተነካ የሚፈቅደው 100 ነው፤ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሰርቨር በተጨመረ ዕለት ኮኔክሽን የሚከለከል መተግበሪያ ይኖራል። ስለዚህ ፑሉ የሰርቨሩ ይሁን፤ መተግበሪያዎቹ ጄኤንዲአይ በተባለው የጃቫ የስም አገልግሎት በኩል በስሙ ይፈልጉት።

ለብቻው የተጫነ ቶምካት የስም አገልግሎቱ ክፍት ነው፤ በፕሮግራም ውስጥ ሲካተት ግን ዝግ ነው። ሰርቨሩ ከመነሳቱ በፊት «ኢኔብል ኔሚንግ» የተባለውን ሜተድ መጥራት ግድ ይላል። ከተረሳ ፍለጋው «ኖ ኢኒሻል ኮንቴክስት» ብሎ ይወድቃል። ቶምካት የሚጠቀምበት ዲቢሲፒ የተባለው የፑል ላይብረሪም ከዋናው ጃር (የጃቫ ኮድ ጥቅል ፋይል) ውስጥ ስለሌለ ጃሩ ለብቻው ይጨመር።

ከዚያ ፑሉን በሰርቨሩ የጋራ መዝገብ ላይ እናስመዘግባለን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ግን ሥራው ገና ግማሽ ነው። መተግበሪያው የሚያየው «ጃቫ ኮምፕ ኢንቭ» ሥር ያለውን የራሱን ቅርንጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ በየኮንቴክስቱ (በየመተግበሪያው ቅንብር) ወደ ጋራው መዝገብ የሚያመለክት ሪሶርስ ሊንክ ካልተጨመረ «ኔም ኖት ፋውንድ» ይመጣል።

የዳታቤዙ ድራይቨር (ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ኮድ) ከሰርቨሩ ጋር ይቀመጥ። በጋራ የምንሰጠው የራሳችን ክላስ ከሆነም ቅጂው በየመተግበሪያው ሊብ ፎልደር ውስጥ መግባት የለበትም። ከገባ ስሙ ያው የሆነ ክላስ በሁለት ክላስ ሎደር (ክላስ የሚጭን የጃቫ ክፍል) ይጫንና «ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን» ይነሳል፤ መልእክቱ ላይ ሁለቱም ስሞች አንድ ዓይነት ስለሚታዩ ሰዓታት ያስፈጃል።

ቶምካት የየትኛው መተግበሪያ ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚለየው በትሬዱ (ኮዱ በሚሮጥበት የሥራ መስመር) ኮንቴክስት ክላስ ሎደር ነው። ከጃቫ 9 ወዲህ የፎርክ ጆይን የጋራ ፑል (ይህኛው የኮኔክሽን ሳይሆን የጃቫ የትሬዶች ስብስብ ነው) ትሬዶች የሲስተሙን ክላስ ሎደር ስለሚይዙ፣ ከእነሱ ላይ የሚደረግ ፍለጋ ይከሽፋል። መተግበሪያው ሲነሳ አንዴ ይፈልገው፤ ያገኘውን ዳታ ሶርስ (ኮኔክሽን የሚሰጠውን የፑሉን ኦብጀክት) ለትሬዶቹ ያቀብል።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ፑል ስንጋራ ጥፋትም እንጋራለን። የዲቢሲፒ መነሻ ጣሪያ 8 ኮኔክሽን ነው፤ ተራ ጠባቂው ደግሞ ያለ ገደብ ይጠብቃል። አንዱ መተግበሪያ ስምንቱን ወስዶ ካልመለሰ አራቱም ያለ አንዳች ስህተት ጸጥ ይላሉ። ጣሪያውን እንደ ጭነቱ ከፍ አድርጉ፣ የመጠበቂያውን ጊዜ 10,000 ሚሊሰከንድ አድርጉት፣ «ሎግ አባንደንድ»ን ከ«ሪሙቭ አባንደንድ ኦን ቦሮው» ጋር ክፈቱ፤ ኮኔክሽኑን ወስዶ ያልመለሰው የኮድ መስመር ሎጉ ላይ ይወጣል። የጋራውን ፑል ክሎዝ የሚያደርገው ሰርቨሩ ብቻ ነው፤ አንድ መተግበሪያ ሲወርድ ከዘጋው የቀሩት ሦስቱ ዳታቤዝ አልባ ይሆናሉ።