ኦሪጅናሉ ከቤቱ አይወጣም

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ለሬዚደንሲው፣ ማለትም እዚህ ሰንብታችሁ ለምትሠሩበት ፕሮግራም፣ የመጣችሁ ፎቶ አንሺዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ የሚሠራው ሥራ የቆየ ፎቶግራፍን መነሻ አድርጎ በፊልም አዲስ ማንሣት ነው። የቤተ መንግሥቱንና የመኳንንቱን ፎቶ የሚሻ አዲስ አበባ ይሂድ፤ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ ሰብስቧል። የመንዝ፣ የቡልጋና የአንኮበር ገበሬ፣ ወታደርና ሙሽራ ግን ያሉት በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው። የእኛ ቤተ መዛግብት እሱ ነው። ሕጋችንም አንድ ነው፦ ኦሪጅናሉ ከቤቱ አይወጣም። ለሙት ዓመት ይባዛል ተብሎ በውሰት ወጥቶ የቀረው ፎቶ ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ካሜራው ወደ ፎቶው ይሄዳል።

ፎቶው መስተዋቱ ላይ ተጣብቆ ከሆነ አትላቅቁት፤ የምስሉ ሽፋን መስተዋቱ ላይ ቀርቶ ወረቀቱ ብቻ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ከነመስተዋቱ ይነሣ። ሁለት መብራት ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ አቁሙ፤ ካሜራው ፊት ለሌንሱ ብቻ የተበሳ ጥቁር ጨርቅ ጋርዱ፤ አለዚያ መስተዋቱ ውስጥ የምታዩት ራሳችሁን ነው። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ማጣሪያ፣ ፖላራይዘር፣ ካስገባችሁ እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይበላል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ብርሃኑን በእጅ መለኪያ የምትለኩ ደግሞ ቅርበቱን አትርሱ፤ ካሜራው በቀረበ ቁጥር ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፦ 3 በ4 ሴ.ሜ. የሆነች ጉርድ ፎቶ የ35 ሚ.ሜ. ፊልሙን እንድትሞላ ሲደረግ ምስሏ የራሷን 0.8 ያህል ይሆናል፤ ይህም ተጨማሪ 1.7 ስቶፕ ገደማ ይጠይቃል። ፖስት ካርድ የሚያህለው ግን ከአንድ ስቶፕ በታች ነው የሚፈልገው። በካሜራው ውስጥ በሌንሱ በኩል የሚለካ ሰው ይህን ሒሳብ አያስፈልገውም።

የፎቶው ጀርባም ይነሣ። ማኅተሙ፣ ስሙ፣ ዓመተ ምሕረቱ እዚያ ነው። ቀኑን እንዳለ ጻፉት፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አትገልብጡ። ወሩ ካልታወቀ ልዩነቱ 7 ይሁን 8 ዓመት አይለይም፤ አንዴ በስሕተት የተገለበጠ ቀን ደግሞ ተመልሶ አይቃናም። ማስታወሻችሁን በፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ፎቶው አጠገብ አይድረስ።

አሁን ወደ ፊልም አጠባው። ችግራችን ብርዱ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ከሮቶ የሚቀዳው ውኃ ለፊልም ማጠቢያ ጭራሽ አይሆንም። ኤች ፒ 5 ፊልም በአይ ዲ 11 ዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው መድኃኒት)፣ አንድ እጅ መድኃኒት ለአንድ እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ይፈልጋል። ለአንድ ጥቅል 150 ሚሊ ሊትር ከ150 ጋር ይበቃል። በዴቨሎፐሩ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ከ13 ዲግሪ በታች ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ የሳሳና የደበዘዘ ኔጋቲቭ ስታዩ ፊልሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን እዩ። ፊልሙ የሚታጠብበትን ታንክ ለብ ያለ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙት። ፊክሰሩና (ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት) የማለቅለቂያው ውኃም እዚያው ሳፋ ውስጥ ይሙቁ፤ ከ20 ዲግሪ ድንገት ወደ በረዶ ውኃ የገባ ፊልም ሽፋኑ ሊጨማደድ ይችላል።

ፊክሰሩ መድከሙን የምታውቁት በቁራጭ ፊልም ነው። ጣል አድርጉና ጥርት እስኪል ሰዓት ያዙ፤ የዚያን እጥፍ ፊልሙን አቆዩት። መጥራቱ አዲስ ሳለ ከፈጀበት ጊዜ እጥፍ ከወሰደ ይጣል። ሲለቀለቅ ቧንቧ ከፍቶ መተው የለም፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ነውርም ነው። ታንኩን ሙሉና 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ፤ እንደገና ሙሉና 10 ጊዜ፤ በመጨረሻ 20 ጊዜ። ከአንድ ሊትር ባነሰ ውኃ ያልቃል። ይህ የሚሠራው የፊልም ሽፋን ማጠንከሪያ በሌለው ፊክሰር ብቻ ነው።

ለጨለማው ክፍል ባና መስኮት ላይ እንሰቅላለን ያላችሁ አላችሁ። ባና ብርሃን ይከላከላል፣ አይካድም። ግን ጠጉሩ ይረግፋል፤ እርጥብ ኔጋቲቭ ላይ ካረፈ ደርቆ እዚያው ይቀራል፣ ሲታተም ነጭ ክር ይሆናል። ጥቁር ፕላስቲክ በሁለት ድርብ ይሻላል።

ያለቀ ፊክሰር ብር ተሸክሟል፤ ወደ ቤሬሳ ወንዝ አይደፋም። ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሙና ተራ የብረት ሱፍ ክተቱበት፤ ብረቱ እየሟሟ ብሩ በቦታው ይረጋል። የማይዝገው የድስት መፈተጊያ አያገለግልም፣ አትግዙት። ጀሪካኖቹ ከጓሮ በኩል ካለው በር አጠገብ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ የቤት ጉብኝቶች ዝርዝር ደግሞ በሩ ላይ ተለጥፏል። ፎቶ ያላችሁ ቤተሰቦች ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና ቀበሌያችሁን አስመዝግቡልን።