ቀልብ መሰብሰብ፦ ሜዲቴሽን ለጀማሪ

[ምስል፦ ታክሲ ውስጥ በመስኮት የሚያይ ሰው]

ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ መውረጃችሁ አልፏችሁ ያውቃል? ረዳቱ ጮኾ ጠርቶታል። ጆሯችሁም ሰምቷል። ቀልባችሁ ግን እዚያ አልነበረም። ትናንት ከአለቃችሁ ጋር የተጨቃጨቃችሁትን እንደገና እየተጨቃጨቀ ነበር። ያውም በዚህኛው ዙር እያሸነፈ።

በ2010 እ.ኤ.አ. ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለ2,250 ሰዎች በስልክ መልእክት እየላኩ «አሁን ምን እያሰባችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። 47 በመቶ ለሚሆነው ጥያቄ የመጣው መልስ አንድ ነበር፤ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ውጪ ነው። በዚያ ሰዓት ደስታቸውም ዝቅ ያለ ነበር።

እናቶቻችን «ቀልብህን ሰብስብ!» ይሉን የለ? ሜዲቴሽን ያው እሱ ነው። እንዴት እንደሚሰበሰብ ግን አልነገሩንም።

እንሞክረው። ወንበር ይበቃል። እግር ማጠላለፍም ዕጣን ማጨስም አያስፈልግም። ስልካችሁን ድምፁን አጥፉና 5 ደቂቃ ሙሉበት። ጀርባ ቀና፣ ትከሻ ላላ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። መጨፈን ከከበዳችሁ ወለሉን እያያችሁ ቆዩ። አሁን ትንፋሻችሁን ተከተሉ። አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩት። በአፍንጫ ሲገባ ቀዝቀዝ፣ ሲወጣ ሞቅ ይላል። እሱን ብቻ።

[10 ሰከንድ ዝምታ]

ቀልባችሁ ሄደ አይደል? የመብራት ሂሳብ፣ የምሳ ነገር፣ «በሩን ቆልፌዋለሁ?»። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «እኔ አልችልበትም» ብሎ ይነሳል። እኔም ስንቴ ተነስቻለሁ። አእምሮዬ ባዶ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር። ባዶ አይሆንም። ልምምዱ ያለው መሄዱን ባወቃችሁባት ቅጽበት ነው። ሳትቆጡት ወደ ትንፋሹ መልሱት። 50 ጊዜ ከሄደ 50 ጊዜ ትመልሱታላችሁ፤ ጂም ገብቶ ብረት እንደማንሳት።

«ሃይማኖቴን ይነካብኝ ይሆን?» የምትሉ አላችሁ። መነሻው የቡድሂዝም ልምምድ ነው። ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. ሃይማኖታዊውን ክፍል ትቶ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች ሥልጠና አደረገው። 8 ሳምንት ይወስዳል። ትንፋሽ መከተል ጸሎታችሁን አያስቀርም።

ጥቅሙ ላይ ኢንተርኔቱ ያጋንናል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ግምገማ 47 ጥናቶችን መረመረ፤ ተሳታፊዎቹ 3,515 ነበሩ። ጭንቀትን፣ ድብርትንና የሕመም ስሜትን በመጠኑ እንደሚቀንስ አገኘ። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁን እንዳታቋርጡ። ስትቀመጡ ያለፈ ክፉ ነገር እየመጣ ከረበሻችሁም ዓይናችሁን ግለጡና ተነሱ፤ ግዴታ የለባችሁም።

[ምስል፦ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና]

ሰዓት መሙላት ካልወደዳችሁ ጠዋት ጀበናውን ጣዱና አጠገቡ ቁጭ በሉ። ሊገነፍል ሲል ተነሱ። ሜዲቴሽን ላይ ነኝ ብላችሁ ቡናውን እንዳታፈሱት ብቻ።