«ኦፕን ሶርስ ነው፣ አይዞሽ»

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ ስለ ግላዊነት መጠበቂያ መሣሪያዎች አውራ ብለውኛል። እኔ ግን ብዙውን ሰዓት የምጨርሰው አንድ የራሴን ጥፋት በማውራት ነው።

የካቲት 2015ን ታስታውሳላችሁ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ። ያኔ የዚህ ክበብ ልጆች በሙሉ የሰፈር ቪፒኤን ጫኝ ሆነን ነበር፤ ቪፒኤን ኢንተርኔታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የተዘጋውን የሚያስከፍት አፕ ነው። ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ ስልኩን ይዘረጋል፣ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደር እንልክለታለን፣ መርቆን ይሄዳል።

እናቴም መጣች። ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት፤ ድምፅ የምትልክላት በቴሌግራም ነው። እናቴ ሁለት ሳምንት ድምፅዋን አልሰማችም። ከጓደኛዬ የተቀበልኩትን ኤፒኬ፣ ማለትም የአፕ መጫኛ ፋይል፣ ጫንኩላት። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ኦፕን ሶርስ የሚባል ቪፒኤን ነው። «ምንም አይልም እማ፣ ኦፕን ሶርስ ነው፣ አይዞሽ» አልኳት። ምን እንዳልኳት አልገባትም። ልጇ ስለሆንኩ አመነችኝ።

በሦስተኛው ቀን ቡና እየቆላች፣ «አንተ፣ ይሄ ነገር መልእክትሽን ላንብብ የሚለኝ ለምንድን ነው?» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። የኤስኤምኤስ ፈቃድ ይጠይቃል። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥሯ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው! ለመሆኑ ቪፒኤን ኤስኤምኤስ ምን ያደርግለታል? ዋናውን ከፕሮጀክቱ ገጽ አውርጄ፣ አፑን ማን እንደሠራው የሚያሳየውን ዲጂታል ፊርማቸውን አነጻጸርኩ። አይገናኙም። ስሙ ያው፣ አርማው ያው፣ የሠራው ሌላ ሰው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። እኔ ዲግሪ አለኝ። የጠየቀችው ግን እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ «ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ይታመናል» ሲባል ደሜ ይፈላል። ክፍት ነው ማለት ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ተነቧል ማለት አይደለም።

«ኤክስዚ» የሚባለውን ኦፕን ሶርስ ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ፋይል የሚያምቅ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ብዙ ሰርቨሮች በሚሠሩበት በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና አብዛኛው እትም ውስጥ አለ። የሚይዘው አንድ ሰው ነበር፣ በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ። የእድር ድንኳን አስቡ። ሁሉም ይጠለልበታል፤ ሲቀደድ የሚሰፋው ግን ያው የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነው። ታዲያ «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ አንድ ሰው፣ ምናልባትም ቡድን፣ መርፌና ክር ይዞ መጣ። ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሰፋ። ሌሎች ስሞች ደግሞ ጠባቂውን «ዘገየህ፣ ሰው ጨምር» እያሉ አስጨነቁት። በመጨረሻ ቁልፉ ለእንግዳው ተሰጠ። እ.አ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ፣ ሰርቨርን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያገለግለው በኤስኤስኤች በኩል ሰርቨር የሚያስገባ የጓሮ በር ከፈተ።

«ኦፕን ሶርስን ሺህ ዓይን ያየዋል» ይባላል። ያገኘውስ ማን ነው? ሺህ ዓይን? አንድ ሰው! አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ። ኮዱን ሊመረምር ተነሥቶም አይደለም። ሌላ ሥራ ላይ ሳለ ሎጊኑ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። እኔና እናንተ ብንሆን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ደግሞ ወጥመዱን የሚያስነሣው ክፍል በአደባባዩ የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ታሽጎ በሚወርደው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። የእናቴ ኤፒኬ ትዝ አይላችሁም?

እስቲ እጅ አውጡ። ስልካችሁ ላይ ካለው ኦፕን ሶርስ ውስጥ አንዲት ፋይል አንብቦ የሚያውቅ? እንደማይበዛ አውቃለሁ፤ እኔም ያኔ አላወጣም ነበር። ነጻ ሲሆን እንሻማለን። አርማውን ላፕቶፓችን ላይ እንለጥፋለን። ለሰፈሩ እንሰብካለን። ባግ፣ ማለትም የኮድ ስሕተት፣ ሪፖርት ያደረገ የለም! አምስት ብር የላከ የለም! ከዚያ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እንላለን። ለፈረሱ ገብስ ያልሰጠነው እኛ!

የተዘጋውን ተጠቀሙ አላልኩም። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ፍሮይንድም የመዘግየቱን ምክንያት ቆፍሮ ማግኘት በጣም በከበደው። መልእክት ለመላክ ሲግናል እጠቀማለሁ፣ ማንነቴን ደብቄ ድረ ገጽ ለማየት ቶርም እጠቀማለሁ። ከዋናው ገጽ አውርዱ፣ ፊርማ አነጻጽሩ፣ የሚጠይቀውን ፈቃድ አንብቡ። ስቶር ላይ ስላለ ብቻም አትመኑ፤ እ.አ.አ. በ2023 «ሲግናል ፕላስ ሜሴንጀር» የሚባል አስመሳይ ጉግል ፕሌይ ላይ ተገኝቷል። ቪፒኤን ከሆነ ደግሞ አፑ ክፍት ቢሆንም ሰርቨሩ ላይ የሚሆነውን አታዩም። ከቴሌ የደበቃችሁትን ለባለ ሰርቨሩ እያስረከባችሁ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ አንድ ትንሽ መሣሪያ መርጠን፣ መስመር በመስመር አብረን እናነባለን። ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም እንጀምራለን። መመዝገቢያው ወረቀት በሩ ጋ ነው። አመሰግናለሁ።