ስሎፕ፣ ግራፍ እና የደንገጎ ዳገት፦ የሂሳብ መምህሩ ለአድማጮች ጥያቄ የሰጡት መልስ

በዚህ ሳምንት የአድማጮች ሰዓት ርዕሳችን የቀጥታ መስመር ግራፍ ነበር። ከድሬዳዋም ከሐረርም ብዙ ሰው ደወለ። ወላጅ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ሾፌር አለ። ቁጥርን በጆሮ ብቻ መከተል ከባድ ስለሆነ መልሶቹን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ብታነቡ ይሻላል።

ጥያቄ (እናት፣ ከሳቢያን)፦ መምህር፣ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። የስሎፕን ቀመር በቃሏ ትወጣዋለች። «ዋይ ሁለት ሲቀነስ ዋይ አንድ፣ ሲካፈል ለኤክስ ሁለት ሲቀነስ ኤክስ አንድ» ትለኛለች። ምን ማለት ነው ስላት ግን ዝም ነው። እኔም ትምህርት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። በምን ላግዛት?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀመሩን ለጊዜው ይተዉት። ከቤትዎ ሮቶ ይጀምሩ። ውሃ ሲመጣ ሮቶው ውስጥ 200 ሊትር ነበረ እንበል። ከዚያ በየደቂቃው 40 ሊትር ይገባል። ልጅዎ ሠንጠረዥ ትሥራ። በ0 ደቂቃ 200፣ በ1 ደቂቃ 240፣ በ2 ደቂቃ 280፣ በ7 ደቂቃ 480። ደቂቃውን በአግድሙ ዘንግ፣ ሊትሩን በቁሙ ዘንግ አድርጋ ነጥቦቹን ታስቀምጥ። ማስመሪያ ብታስጠጋባቸው ሁሉም አንድ መስመር ላይ ይውላሉ።

አሁን ይጠይቋት። ከ2ኛው ደቂቃ እስከ 7ኛው ውሃው በስንት ጨመረ? በ200 ሊትር። ስንት ደቂቃ ፈጀ? 5። 200 ለ5 ሲካፈል 40 ነው። ስሎፑ ይኸው ነው፣ በደቂቃ 40 ሊትር። ያ ረጅም ቀመር የሚለውም ይህንኑ ነው። ከላይ ያለው ውሃው የጨመረበት ነው፣ ከታች ያለው የፈጀው ጊዜ። መቀነስ ያስፈለገው ለውጡን ስለምንፈልግ ብቻ ነው።

ከዚያ ሌላ ሁለት ነጥብ ትምረጥ። አሁንም 40 ይመጣል። ሌላም ትምረጥ፣ ያው 40። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የትኛውንም ሁለት ነጥብ ብትወስድ አንድ ዓይነት መልስ መምጣቱ ነው መስመሩን ቀጥታ ያደረገው። መሃል ላይ የውሃው ግፊት ቢቀንስ መስመሩ ይጎብጥ ነበር። ልጅቷ ይህን ሠርታ ካየችው ቀመሩን ብትረሳ እንኳ ራሷ ታመጣዋለች። ኤክስ በአንድ ሲጨምር ዋይ በስንት ይለወጣል? ስሎፕ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። እኔ ብጠየቅ ቀመሩን ለልጆች የማሳየው በመጨረሻ ነው።

የሮቶው እኩልታ ደግሞ ዋይ = 40ኤክስ + 200 ነው። 40 ፍጥነቱ፣ 200 የተነሳንበት።

ጥያቄ (የማታ ተማሪ፣ ከገንደቆሬ)፦ ቀን ባጃጅ እነዳለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ዋይ = 2ኤክስ + 3 ን ሳል ሲሉኝ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነው የምስለው። ፈተና ላይ ጊዜ ይበላብኛል። አቋራጭ የለውም አቦ?

መልስ፦ አለው። እኩልታው ራሱ ሁለት ነገር ይነግርሃል። ብቻውን የቆመው 3 መነሻህ ነው። ቁሙ ዘንግ ላይ 3 ጋ ነጥብ አድርግ። ኤክስ ላይ የተለጠፈው 2 ስሎፑ ነው። ከመነሻህ 1 ወደ ቀኝ ሂድ፣ 2 ወደ ላይ ውጣ፣ ነጥብ አድርግ። አንድ ጊዜ ድገመው። ሦስት ነጥብ አለህ፣ አስምር። ሁለት ነጥብ ይበቃል፣ ግን ሦስተኛው ስህተትህን ያጋልጥልሃል። ፈተና ላይ ይህን አትዝለል።

ስሎፑ ክፍልፋይ ከሆነ አትደንግጥ። 2/3 ከሆነ 3 ወደ ቀኝ፣ 2 ወደ ላይ ነው። −2/3 ከሆነ 3 ወደ ቀኝ፣ 2 ወደ ታች።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እኩልታው ሌላ መልክ ይዞ ሲመጣ ነው። 2ኤክስ + 3ዋይ = 12 ሲባል «ስሎፑ 2 ነው» ይላሉ። አይደለም። መጀመሪያ ዋይ ብቻዋን መቆም አለባት። 2ኤክስን ወደ ማዶ አሻግረህ ሁሉንም ለ3 ብታካፍል ዋይ = −2/3ኤክስ + 4 ይሆናል። ስሎፑ −2/3 ነው። ግራፉን ብቻ ከተጠየቅህ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ኤክስን 0 አድርገው፣ ዋይ 4 ትሆናለች። ዋይን 0 አድርጋት፣ ኤክስ 6 ይሆናል። ቁሙ ላይ 4፣ አግድሙ ላይ 6፣ አገናኛቸው። አለቀ።

ጥያቄ (የሚኒባስ ሾፌር፣ ድሬ–ሐረር መስመር)፦ አንዳንድ ዳገት ላይ «10 በመቶ» የሚል ምልክት አለ። እሱም ስሎፕ ነው? እንዲያ ከሆነ የኛ ደንገጎ ስንት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ስሎፕ ነው። 10 በመቶ ማለት በአግድም 100 ሜትር ስትሄድ 10 ሜትር ትወጣለህ ማለት ነው። ስሎፑ 0.1። ብዙ ሰው 100 በመቶ ሲባል ቀጥ ያለ ገደል ይመስለዋል። 100 ሜትር ሄዶ 100 ሜትር መውጣት ነው እንጂ ገደል አይደለም። ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ብቻ ነው።

ወደ ደንገጎ እንምጣ። ቁጥሮቹን እያጠጋጋሁ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት። ሐረር 1,850 ግድም። መንገዱን 57 ኪሎ ሜትር እንበለው። የከፍታው ልዩነት 650 ሜትር ነው። ለ57,000 ሜትር ሲካፈል 0.011 ገደማ ይመጣል። በ100 ሜትር 1 ሜትር ከምናምን። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው መንገዱን ሜዳ ነው ይለዋል። አንተ ግን ማርሽ እየቀነስክ ነው የምትወጣው።

ስሌቱ አልተሳሳተም። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው ያየው። መንገዱ ግን ቀጥታ መስመር አይደለም። ሽቅብ ወጥቶ ሐሮማያ ጋ 2,000 ሜትር ግድም ይደርሳል፣ ከዚያ አወዳይን አልፎ ወደ ሐረር ይወርዳል። ስለዚህ ከፍለን እናስላው። ከድሬ ሐሮማያ 40 ኪሎ ሜትር ብንል 800 ሜትር እንወጣለን፣ ስሎፑ 0.02። ከሐሮማያ ሐረር 17 ኪሎ ሜትር ብንል 150 ሜትር እንወርዳለን፣ ስሎፑ −0.009 ገደማ። ምልክቱ ተገለበጠ። ፖዘቲቭ ሽቅብ፣ ኔጋቲቭ ቁልቁል። የደንገጎን ጠመዝማዛ ብቻ ለይተህ ብታሰላው ደግሞ ከ0.02 በደንብ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ላይ ከወጣህ በኋላ እስከ ሐሮማያ ያለው አብዛኛው ደልዳላ ነው። የቀጥታ መስመር ስሎፕ የትም ቦታ አንድ ነው። የመንገድ ግን እንደየቦታው ነው።

ይህን ለድሬ ልጆች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣቱ ስለከበደ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማችን ተቆረቆረች። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። መኪና የማይሰማውን ዳገት እንኳ ባቡር ይቸገርበታል። ድሬ እዚህ ሜዳ ላይ የተቀመጠችው በስሎፕ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

ጥያቄ (የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐረር ጀጎል)፦ ዋይ = 4 እና ኤክስ = 4 ሁሌ ይምታቱብኛል። የአንዱ ስሎፕ ዜሮ ነው፣ አንዱ ስሎፕ የለውም ይሉናል። ዜሮ እና «የለም» አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይህ የሳምንቱ ምርጥ ጥያቄ ነው። አንድ አይደሉም።

ዋይ = 4 ሲባል «ዋይ ሁሌ 4 ናት፣ ኤክስ የፈለገውን ይሁን» ማለት ነው። ነጥቦችን ጻፊ። (1፣ 4)፣ (2፣ 4)፣ (5፣ 4)። ስታስቀምጫቸው የተኛ መስመር ይሆናል። ብዙ ተማሪ ዋይ ስለተባለ ወደ ቁሙ ዘንግ ሮጦ የቆመ መስመር ይስላል። መድኃኒቱ ሦስት ነጥብ መጻፍ ነው፣ ሌላ ዘዴ አትፈልጊ። አሁን ስሎፑን አስዪ። ከ(1፣ 4) ወደ (5፣ 4) ዋይ በ0 ተለወጠች፣ ኤክስ በ4 ጨመረ። 0 ለ4 ሲካፈል 0። ትክክለኛ ቁጥር ነው። በእርግጥ ተለክቶ ዜሮ የመጣ።

ኤክስ = 4 ደግሞ (4፣ 1)፣ (4፣ 3)፣ (4፣ 5) ነው። የቆመ መስመር። ዋይ ከ1 ወደ 5 በ4 ጨመረች፣ ኤክስ ግን አልተነቃነቀም። 4 ለ0 ይካፈል ልንል ነው። መልሱን ፈልጊው። በ0 ሲባዛ 4 የሚሰጥ ቁጥር አለ? የለም። ማንኛውም ቁጥር በ0 ሲባዛ 0 ነው። ስለዚህ ለዚህ መስመር ስሎፕ የሚሆን ቁጥር የለም። «ኤክስ በአንድ ሲጨምር» ብለን መጠየቅም አንችልም፣ ኤክስ እዚህ መስመር ላይ ጨምሮ አያውቅምና። ፈተና ላይ ለመጀመሪያው «ስሎፑ ዜሮ ነው» በዪ። ለሁለተኛው «ስሎፑ አይበየንም» በዪ። «ስሎፕ የለውም» የሚለውን ተዪው፣ አራሚው የትኛውን እንዳልሽ አይገባውም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከመጋላ)፦ የትኛውን ነጥብ ነው የመጀመሪያ የምለው?

መልስ፦ የፈለግከውን። ግን ከላይም ከታችም ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን። (2፣ 5) እና (6፣ 13) ብትወስድ 8 ለ4 ነው፣ 2። ገልብጠህ ብትጀምር −8 ለ−4፣ አሁንም 2። ላዩን ከአንዱ ታቹን ከሌላው ከጀመርክ ግን −2 ይመጣና ሽቅቡን ቁልቁል ታደርገዋለህ።

ጥያቄ (አባት፣ ከከዚራ)፦ ልጄና የጎረቤት ልጅ አንድ ጥያቄ ሠሩ። የልጄ መስመር ገደል ነው የሚመስለው፣ የሌላኛዋ ተኝቷል። መምህራቸው ሁለቱንም ልክ ናችሁ አላቸው። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል ጌታዬ። ዘንጎቹን ይመልከቱ። አንዷ በቁሙ ዘንግ ላይ እያንዳንዷን ካሬ 1 ብላ፣ ሌላዋ 10 ብላ ቆጥራ ይሆናል። አቆጣጠሩ ሲለያይ መስመሩ ይቆማል ወይም ይተኛል፣ ስሎፑ ግን አይነካም። ከእያንዳንዳቸው ግራፍ ሁለት ነጥብ ያንብቡና ያስሉት። ያው ቁጥር ከመጣ መምህሩ ልክ ነው። ልጅዎ ግን በየዘንጉ ላይ አቆጣጠሯን መጻፏን ይዩላት፣ ካልጻፈች ማንም የእሷን ግራፍ ማንበብ አይችልም።